ፓስታ በፎሶሊያና በድንች፦ ፎሶሊያው መቼ ነው ድስት የሚገባው?

የጄኖቫዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የጣሊያን ምግብ በደንብ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ እርዱኝ።

ያለሁት ጄኖቫ ነው። አንዲት የ86 ዓመት እናት ጋ ነው የምሠራው፣ ማደሪያዬም እዚያው ነው። ምግቡን የማበስለው እኔ ነኝ። ሲኞራ ብዙ አይበሉም። አንድ ነገር ግን ደጋግመው ሲጠይቁኝ ሰነበቱ፣ ፓስታ በፔስቶ (ከባዚሊኮ ቅጠል፣ ከዘይትና ከአይብ የሚሠራ አረንጓዴ ማባያ)፣ ከፎሶሊያና ከድንች ጋር። ልጅ ሳሉ እናታቸው እሁድ እሁድ ይሠሩላቸው ነበር አሉ።

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ሲኞራ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ግን ፎሶሊያውን አንድ በአንድ በሹካ እየገፉ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድሩታል። ባለፈው ሳህኑን ሳነሳ ዘጠኝ ቁራጭ ተሰልፏል። አንጀቴን በሉት።

የማደርገውን ልንገራችሁ። ፎሶሊያውን ለብቻው 4 ደቂቃ ቀቅዬ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ፣ አረንጓዴነቱ እንዳይጠፋ፣ ቪዲዮ ላይ እንደዚያ ሲያደርጉ ስላየሁ ነው። ቀለሙ በጣም ያምራል። ሲታኘክ ግን ጥርስ ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። ድንቹንም ለብቻው፣ ፓስታውንም ለብቻው እቀቅላለሁ። ከዚያ ፔስቶውን መጥበሻ ላይ ሞቅ አድርጌ ሁሉንም አደባልቃለሁ። ፔስቶው ይጠቁራል፣ ዘይቱ ለብቻው ይወጣል፣ አይቡም ይጓጉላል።

ጎረቤት ያሉ ሴትዮ ሁሉም በአንድ ድስት ነው አሉኝ። ግን ሲያስረዱኝ የጄኖቫን አነጋገር ስለሚቀላቅሉበት ግማሹ አልገባኝም።

እውነት በአንድ ድስት ነው? ከሆነ የትኛው ይቀድማል? ሌላው ደግሞ ፍልሰታ እየመጣ ነው፣ እኔ እጾማለሁ፣ ፔስቶ አይብ አለበት። ለእሳቸው ስሠራ ከዚያው ፎሶሊያ ለእኔም የሚሆን የጾም ነገር ማውጣት ብችል ትልቅ እፎይታ ነበር።


የድሮ ማማሰያ፦

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ። ሬኮ የምትባለው ከተማ፣ ከአንቺ በባቡር ወደ ምሥራቅ ባሕሩን ይዘሽ ስትሄጂ ያለችው፣ እዚያ ኩሽና ውስጥ ነው የዕድሜዬን ግማሽ ያሳለፍኩት። ይህ ፓስታ በየቀኑ በእጄ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ጎረቤትሽ ልክ ናቸው። ድስቱም አንድ፣ ውሃውም አንድ ነው። የሚለያየው የሚገቡበት ሰዓት ነው።

መጀመሪያ የቪዲዮውን ነገር ተዪው። 4 ደቂቃ ቀቅሎ በረዶ ውሃ ውስጥ መክተት ለሰላጣ ጥሩ ነው። ለዚህ ፓስታ ግን ፎሶሊያው መብሰል አለበት፣ ሹካ ስትሰኪበት እሺ እስኪል ድረስ፣ ቀለሙ ትንሽ ቢደበዝዝም ግድ የለም፣ አረንጓዴውን ፔስቶው ይዞት ይመጣል። ሲኞራ ወደ ጠርዝ የሚገፉት ስላልበሰለ ነው። እናታቸው የሠሩላቸውም ለስላሳውን ነው።

ለሁለት ሰው 2 ሊትር ውሃ ጣጂ። ሲፈላ 20 ግራም ገደማ ጨው ጨምሪ። 100 ግራም ፎሶሊያ ጫፍና ጫፉን ቆርጠሽ፣ ክር ካለው ገፈሽ፣ ለሁለት ወይ ለሦስት ክፈዪው። አንድ መካከለኛ ድንች ልጠሽ ግማሹን የአውራ ጣት ጥፍር በሚያክል ቁረጪ፣ ግማሹን ደግሞ በጣም ስስ አድርገሽ። ይህን ሁለት ዓይነት አቆራረጥ የተማርኩት አብራኝ ትሠራ ከነበረች የአገሩ ሴት ነው። ስሱ ድስት ውስጥ ይፈርሳል፣ ወፈር ያለው ሳህን ላይ ይታያል።

ለምን እንዲፈርስ ትፈልጊያለሽ? ፔስቶ በዘይት የተያዘ ነገር ነው። ዘይት ደግሞ እርጥብ ፓስታ ላይ ይንሸራተታል። ፓስታው ላይ እንዲለጠፍ የሚያደርገው የድስቱ ውሃ ነው፣ ከፓስታውና ከድንቹ የወጣው ስታርች ያለበት፣ ደፍረስ ያለው ውሃ። አንቺ ድንቹን ለብቻው ቀቅለሽ ውሃውን ስትደፊ የደፋሽው እሱን ነው።

እንግዲህ ውሃው ሲንተከተክ ፎሶሊያውንና ድንቹን አብረሽ ጨምሪ። አትክደኚው። ፎሶሊያ ሲበስል አሲድ ይለቃል፣ ድስቱ ክፍት ከሆነ አሲዱ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፣ ከተከደነ ግን ተመልሶ ይንጠባጠብና የጠወለገ ቅጠል የሚመስል ቡናማ ቀለም ያመጣበታል። ለጋና ቀጭን ከሆነ 5 ወይ 6 ደቂቃ ጠብቂው። ወፍራም ከሆነ እስከ 10። ከዚያ ፓስታውን ጨምሪ፣ 170 ግራም ይበቃል። ፓኮው 9 ደቂቃ ካለ 9 ደቂቃ። ቀጭኑ ፎሶሊያ በድምሩ 15 ደቂቃ ገደማ አገኘ ማለት ነው።

ፓስታው ሊደርስ አንድ ደቂቃ ሲቀረው አንድ ፎሶሊያ አውጥተሽ፣ በረድ ሲል ምላስሽና ላንቃሽ መሃል ጫን አድርጊው። ጥርስ ሳይነካው ከተጨፈለቀ ለሲኞራ ደርሷል።

አሁን ዋናው ነገር። ፔስቶ እሳት አያይም። በፍጹም። ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ 4 የሾርባ ማንኪያ ፔስቶ አድርጊ፣ ከድስቱ ግማሽ ጭልፋ ውሃ ጨምሪበትና እንደ እርጎ እስኪቀጥን አማስዪው። ፓስታውን፣ ፎሶሊያውንና ድንቹን አጥልለሽ እዚያው ሳህን ላይ ገልብጪና አዋህጂ። ከማጥለልሽ በፊት አንድ ኩባያ ውሃ ቀንሰሽ አስቀምጪ፣ ደረቅ ካለብሽ በማንኪያ እያልሽ ትጨምሪያለሽ። የፓስታው ትኩሳት ለፔስቶው ይበቃዋል። መጥበሻ ላይ ስታሞቂው የጠቆረው ቅጠሉ ስለተቃጠለ ነው፣ የጓጎለውም አይቡ ቀልጦ ስለተሰበሰበ ነው።

ስለ ፓስታው ዓይነት ደግሞ፣ ያለሽው የምግቡ አገር ላይ ነውና ትሬኔቴ ግዢ፣ ጠፍጠፍ ያለ ቀጭን ረዥም ፓስታ ነው። ‹አቫንታጃቴ› የሚባለውን ካገኘሽ ደግሞ፣ ስንዴው ከነገለባው የተፈጨበት ጠቆር ያለው፣ ለዚህ ምግብ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። እኛ ሬኮ በኩል ትሮፊዬ ነበር የምንሠራው፣ አጭርና የተጠማዘዘውን። ሦስቱም ይሆናሉ።

ፔስቶውን ራስሽ ነው የምትሠሪው ወይስ የተገዛ ነው?


የጄኖቫዋ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስንት ነገር አጥፍቼ ኖሯል። ፔስቶው የተገዛ የጠርሙስ ነው። ሲኞራ ቤት የእብነ በረድ ሙቀጫ አለ፣ መስኮት ላይ አበባ ተክለውበታል።


የድሮ ማማሰያ፦

ፈቃዳቸውን ጠይቂና አበባውን ወደ ሌላ አዛውሪ፣ ሙቀጫውን በሙቅ ውሃ በደንብ እጠቢው። ፔስቶ ማለት ራሱ የተወቀጠ ማለት ነው። መውቀጥ ደግሞ ለእኛ ቤት ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። የእነሱ ሙቀጫው እብነ በረድ፣ ዘነዘናው እንጨት መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ሰባት ነገር ነው የሚገባበት። ባዚሊኮ (የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል)፣ የወይራ ዘይት፣ ፓርሚጃኖ የሚባለው አይብ፣ የሰርዴኛ የበግ አይብ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥድ ፍሬ፣ ሻካራ ጨው። ባዚሊኮውን ከነሥሩ በእቅፍ አስረው ይሸጡታል፣ ትንንሽ ቅጠል ያለውን ምረጪ። ፕራ ከሚባለው የከተማሽ ሰፈር የሚመጣው ዝነኛ ነው። የጄኖቫ ባዚሊኮ ከ2005 ጀምሮ በአውሮፓ ሕግ ስሙ የተጠበቀ ነው። ትልልቁ ቅጠል ናና ናና ይላል፣ እነሱ ያንን አይወዱም።

ቅጠሉን አጥበሽ በፎጣ አድርቂው። መጀመሪያ ግማሽ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር፣ ከዚያ የጥድ ፍሬው፣ ከዚያ ቅጠሉ ትንሽ በትንሽ። እንደ በርበሬ ከላይ አትደብድቢው፣ ሙቀጫው ግድግዳ ላይ እያዞርሽ ፍጪው። አይቦቹ ቀጥለው ይገባሉ፣ ዘይቱ መጨረሻ። ካቃተሽ በመፍጫ ማሽንም ይሆናል፣ ግን ማሽኑ ስለሚሞቅ ያጠቁረዋል፣ ስለዚህ ምላጩንና ዕቃውን ፍሪጅ ውስጥ አቆይተሽ፣ እያቋረጥሽ ፍጪ።


ቀበና ሰፈር፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ነው። ደቂቃዎቹን እንዳለ እንዳትወስዱ!

ውሃ እዚህ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። እሳቱን ብትጨምሩ ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ጄኖቫ ባሕር ዳር ስለሆነች 9 ደቂቃ ማለት 9 ደቂቃ ነው። እኔ ቤት ፓኮው 8 የሚለው ፓስታ 11፣ አንዳንዴም 12 ይወስዳል። ፎሶሊያ ደግሞ የባሰ ነው። ገበያ የምናገኘው ብዙ ጊዜ ወፈር ያለና ክር ያለው ስለሆነ ከ22 ደቂቃ በታች ለስልሶልኝ አያውቅም። ስለዚህ እኔ ፎሶሊያውን ፓስታው ከመግባቱ ከ12 ደቂቃ በፊት ነው የምጨምረው። ድንቹን ከፎሶሊያው 4 ደቂቃ ዘግይቼ፣ የኛ ድንች ቶሎ ስለሚፈርስ።

ባዚሊኮ ስላጣሁ የጓሮዬን በሶብላ ለምለሙን ቀጥፌ ሞክሬ ነበር። ሁለቱ ዘመድ ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። በሶብላ ኃይለኛ ነው። ቤቱን ሽታው ሞላው፣ ፓስታው ግን ሽሮ ሽሮ አለኝ፣ ምክንያቱም እኛ አፍንጫችን በሶብላን የሚያውቀው በሽሮና በበርበሬ ነው። በሁለተኛው በሶብላውን አንድ አራተኛ ብቻ አድርጌ፣ ቀሪውን ለጋ ቆስጣ ፈላ ያለ ውሃ አሳይቼ ጨምቄ ጨመርኩበት። አይቡን ፕሮቮሎኔ አደረግሁት፣ በጥድ ፍሬ ፋንታ ያልተቆላ ኦቾሎኒ። ልጆቼ ሳህኑን ጠርገው በሉ። የጄኖቫ ሰው ፔስቶ ብሎ እንደማይጠራው አውቃለሁ፣ ግን ባለን ነገር ጥሩ ወጥቷል።

ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ፓስታና ፎሶሊያ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በየምግብ ቤቱ ያለው ፓስታ በአትክልት ውስጥ ፎሶሊያ፣ ካሮትና ድንች አለ። ግን አንድ ጥፋት ሁልጊዜ ይታየኛል። ሽንኩርቱ ቁሌት ላይ እያለ ፎሶሊያው ከካሮቱ ጋር እኩል ይገባል፣ ካሮቱ ይላሽቃል፣ ፎሶሊያው ጥሬ ይቀራል። ፎሶሊያውን ቀድሞ በጨው ውሃ ቀቅሎ፣ በዚያው ውሃ ፓስታውን መቀቀል ብንለምድ ፓስታ በአትክልታችን ሌላ ነገር ይሆን ነበር። እኔ ቤት ለውጬዋለሁ፣ ውሃውም አይባክን፣ ጋዙም አይባክን።


ሜሪላንድ ነኝ፦

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ጠንከር ያለ ፎሶሊያ ነው የምወደው። ለስልሶ ሲመጣ የሆስፒታል ምግብ ይመስለኛል። እዚህ እኛ ጋ ሁሉም ቀጨም ቀጨም የሚለውን ነው የሚያቀርበው። ለሽማግሌ ሲሆን ገብቶኛል፣ ግን ለሁላችንም እንደዚያ መሆን አለበት?

ሌላው፣ ሥራ ስለሚበዛብኝ ሁልጊዜ ከፍሪዘር የሚወጣውን ፎሶሊያ ነው የምጠቀመው። እሱስ መቼ ይግባ?


የድሮ ማማሰያ፦

ወንድሜ ምላስህን አልነካብህም፣ የወደድከውን ብላ። ለዚህ ምግብ ለምን እንደማይስማማ ግን ልንገርህ። ያልበሰለ ፎሶሊያ ላዩ እንደ ሰም ልሙጥ ነው፣ ፔስቶው አይዘውም። ሲበስል ቆዳው ይለቃል፣ ውስጡ ይከፈታል፣ ፔስቶውም ይገባበታል። ከዚያ ፓስታው፣ ድንቹና ፎሶሊያው አፍ ውስጥ አንድ ላይ ያልቃሉ። አንዱ ቀድሞ ተውጦ ሌላው ገና የሚታኘክ ከሆነ ሦስት ምግብ ነው የበላኸው። ፓስታው ግን እንዳይላሽቅ፣ እሱ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፣ ፓስታው ጥርስ ላይ ጠንከር ማለት አለበት። ሌላው ደግሞ ፎሶሊያ ጥሬውን ወይም ግማሽ ጥሬውን ሲበሉት የብዙ ሰው ሆድ ያውካል፣ ጥሬው ውስጥ ያለውን የሚረብሽ ነገር በደንብ መፍላት ነው የሚያጠፋው።

የፍሪዘሩ ችግር የለውም። ፋብሪካው ከማቀዝቀዙ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ቀቅሎታል፣ ስለዚህ መንገዱን ጀምሮልሃል። ሳታቀልጠው በቀጥታ ጨምረው፣ ውሃው እንደገና እስኪፈላ ጠብቅ፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ቆይተህ ፓስታውን። ድንቹን ግን አስቀድመው።


ባሪ ያለሁት፦

ለጾሙ ጥያቄ መልስ ያለኝ እኔ ነኝ መሰለኝ። ደቡብ ጣሊያን ያለችው ባሪ ከተማ ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው።

እህት፣ ጄኖቫዎች ፎሶሊያን በፔስቶ ይበሉታል፣ እኛ ያለንበት ክፍለ ሀገር ፑልያ ደግሞ ስፓጌቲ በፎሶሊያና በቲማቲም ይበላል። የበጋ ምግብ ነው። ፎሶሊያው እዚህ ቀጭንና በጣም ረዥም ነው፣ አይቆርጡትም፣ ጫፉን ብቻ ነቅለው እንዳለ ይቀቅሉታል፣ ከዚያ ስትበዪ ከስፓጌቲው ጋር ሹካው ላይ አብሮ ይጠቀለላል። መጀመሪያ ሳየው ፓስታው አረንጓዴ የሆነ መስሎኝ ነበር! ሐምሌና ነሐሴ ገበያው በሱ ይሞላል፣ ልክ የኛ ፍልሰታ ሲገባ ማለት ነው። እኔ ነሐሴ 1 ከገባ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እሱን ነው የምበላው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፎሶሊያው በጨው ውሃ፣ ጋሼ እንዳሉት። በጎን መጥበሻ ላይ የወይራ ዘይት፣ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከነልጡ ጠፍጠፍ አድርገሽ፣ ሲሸት 250 ግራም ትንንሾቹን ቲማቲም ለሁለት ከፍለሽ ትጨምሪያለሽ። 10 ደቂቃ። ጨው፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ባዚሊኮ፣ ከፈለግሽ ቃሪያ። እኔ ቃሪያ ሁልጊዜ አደርጋለሁ፣ ባለቤቴ የባሪ ሰው ነው፣ አሁን ያለቃሪያ አይበላም። ሳልሳ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ፎሶሊያውን ጥሬውን ቲማቲሙ ውስጥ አትጨምሪው። የቲማቲም አሲድ ፎሶሊያ ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል፣ ስትጠብቂ ቲማቲሙ ያርርብሻል። ከበሰለ በኋላ ግን ቲማቲም ውስጥ 3 ደቂቃ ቢቆይ ይጣፍጣል።

እዚህ ሰው ላዩ ላይ ካቾሪኮታ የሚባል ጨው ያለው ደረቅ አይብ ይፈቀፍቅበታል። ለጾም እሱን ትተሽ፣ የደረቀ ዳቦ ፈርፍረሽ በወይራ ዘይት ወርቅማ እስኪሆን ቆላ አድርጊና ነስንሺበት። ይህም የኔ ፈጠራ አይደለም፣ የደቡቡ ሰው አይብ ሲያጣ የሚያደርገው ነው። ዳቦው ግን ወተት ወይ ቅቤ የሌለበት መሆኑን እዪ። ፓስታውም ቢሆን ደረቁ ፓኮ በአብዛኛው ዱረም ስንዴና ውሃ ብቻ ነው፣ ፓኮው ላይ ‹ኡዎቮ› የሚል ከተጻፈበት ግን እንቁላል አለው፣ ተዪው።

አሁን ሁለት ጊዜ እንዳትደክሚ። ሲኞራ ምሳ የሚበሉት በሰባት ሰዓት ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ፓስታሽን ከሳቸው ጋር ከቀቀልሽ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይላሽቃል። ስለዚህ የሳቸውን ፎሶሊያ ቆራርጪ፣ የአንቺን እንደ ባሪ ረዥሙን ተዪው። ሁለቱንም አንድ ድስት ውስጥ ጨምሪ። የአንቺ ረዥም ስለሆነ ፓስታው ከመውጣቱ በፊት በሹካ ለቅመሽ ለማውጣት አይቸግርሽም። ቲማቲሙ ውስጥ አስቀምጪው፣ ሰዓትሽ ሲደርስ ስፓጌቲ ብቻ ነው የምትቀቅዪው። ለፔስቶው የነካሽበትን ማንኪያ ግን ወደ ቲማቲምሽ አታምጪ።


የጄኖቫዋ፦

እህቴ ተባረኪ፣ ይሄ ረዥምና አጭር ያልሽው እንዴት ደስ አለኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ፎሶሊያ ስገዛ ለጋ መሆኑን በምን ልወቅ? እዚህ ሻጮቹ እንዲነካባቸው አይወዱም።


ባሪ ያለሁት፦

አትንኪ፣ አንድ ስበሩልኝ በያቸው። ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ስብራቱ ላይ ውሃ ካወጣ ለጋ ነው። ታጥፎ እምቢ ካለ የቆየ ነው። ውስጡ ያለው ፍሬ ከውጭ አብጦ ከታየሽም አትግዢ፣ ስንት ሰዓት ብትቀቅዪው ክሩ አይለቅሽም።


የጄኖቫዋ፦

እሁድ ሠራሁት። እንዴት እንደሆነ ሳልነግራችሁ ማደር አልቻልኩም።

ቅዳሜ ማታ ሲኞራን ስለ ሙቀጫው ጠየቅኳቸው። አበባውን ራሳቸው አነሱት። የእናታቸው ሙቀጫ ነበር፣ ዘነዘናው ደግሞ መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ፣ እጀታው መሃል ላይ በእጅ ብዛት ሰርጎድ ብሏል። እኔ ልወቅጥ ስነሳ ወንበር አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በርበሬ እንደምወቅጥ ከላይ ወደ ታች ስጀምር እጄን ያዝ አድርገው አዞሩት። ጋሼ ያሉት ማዞር ያኔ ነው የገባኝ፣ ቅጠሉ ሲፈጭ ድምፁ ራሱ ሌላ ነው።

ፎሶሊያው ቀጭን ስለነበር 6 ደቂቃ ነው ከፓስታው በፊት ያስቀደምኩት። ትሬኔቴው 9 ደቂቃ። ድንቹን በሁለት ዓይነት ቆርጬ ነበር፣ ስሱ እውነትም ጠፋ፣ ውሃው እንደ አጥሚት ደፈረሰ። ፔስቶውን በዚያ ውሃ ሳቀጥነው ቀለሙ ነጣ ብሎ ክሬም መሰለ፣ መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ከፓስታው ጋር ሲገናኝ ግን ተመለሰ። አንድም ቦታ አልጓጎለም።

ሲኞራ ዝም ብለው በሉ። ሳህኑን ሳነሳ ጠርዙን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ምንም የለም። በዳቦ ጠርገውታል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱን ቀንሺ አሉኝ፣ እናቴ የፍሬውን መሃል ያለውን አረንጓዴውን ታወጣው ነበር አሉ። ለሚቀጥለው እንደዚያ አደርጋለሁ።

የኔን ረዣዥሞቹን በሹካ ለቅሜ አውጥቼ ቲማቲም ውስጥ አቆይቻቸው ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በስፓጌቲ በላሁ። ጾሙ ገና ነው ግን ልሞክረው ብዬ ነው። ዳቦውን ትንሽ አሳረርኩት። ቃሪያውን ግን አንድ ሙሉ አድርጌበት በጣም ጣፍጦኛል። ሲኞራ መጥተው ሹካዬ ላይ የተጠቀለለውን አይተው ይሄ ምንድነው አሉ፣ የባሪ ነው አልኳቸው፣ አንድ ጉርሻ ሰጠኋቸውና ሐሙስ ለሳቸውም እንድሠራ አዘዙኝ። ያለ ቃሪያ።

ነገ ገበያ ስወጣ ረዣዥሞቹን እፈልጋለሁ። የባሪዋ እህቴ፣ እነሱ በ15 ደቂቃ ይበስላሉ ወይስ ይበልጣል?


ባሪ ያለሁት፦

እንደ ውፍረቱ ነው፣ ከ12 እስከ 15። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ መቅመስ ጀምሪ። ለሲኞራ ግን ለሁለት ቁረጪላቸው፣ መጠቅለሉ ለእጃቸው እንዳይከብዳቸው።